የስታዲየም ጣሪያ ውሃ፣ ባውዛና አሮጌ ኮንክሪት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የስታዲየማችን የተመልካች ጣሪያ 6,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር በአሸንዳ ወርዶ በከንቱ የሚፈሰውን ውሃ አጠራቅመን ሣሩን ልናጠጣበት አስበናል። ምን ያህል የሚይዝ ገንዳ እንሥራ?

መልስ፦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል ጣሪያዎ 120,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚተነውና ከአሸንዳው ውጪ የሚረጨው ሲቀነስ 85 በመቶው፣ ማለትም 102,000 ሊትር ገደማ ይተርፋል። ጣሪያው ተዳፋት ከሆነ የቆርቆሮውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መሬት ስፋት ይለኩ።

105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በሞቃት ቀን ሣሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚፈልግ የቀን ፍጆታው 35,700 ሊትር ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ደህና ዝናብ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሦስት ወር ድርቅ የሚያሻግር ገንዳ ይመኛሉ። ለዚያ ከ3,000 ሜትር ኩብ (1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው) በላይ ያስፈልጋል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚሞላ ገንዳ ያን ያህል ኮንክሪት ማፍሰስ ራሱ አካባቢን ይጎዳል። ይልቅ በዝናባማ ወራት በአንዱ ዝናብና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቀን እንደሚያልፍ ይቁጠሩ። 4 ቀን ከሆነ 150 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ አንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብም ይሞላዋል።

ከመጠኑ ይበልጥ ሥራውን የሚያበላሸው ቆሻሻ ነው። የወፍ ኩስና አቧራ ከዝናቡ መጀመሪያ ጋር ስለሚወርድ የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሜትር፣ በእርስዎ ጣሪያ 6,000 ሊትር፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማዞሪያ ያስገቡ። ወደ ገንዳው የሚገባው ቧንቧ እስከ ታች ወርዶ አፉ ወደ ላይ ይቆልመም፤ ከላይ ከወረደ ደለሉን ያናውጠዋል። ፓምፑም ከወለሉ ሳይሆን በተንሳፋፊ ኳስ ከተንጠለጠለ ቱቦ፣ ከውሃው ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሳብ። ይህ ሲዘነጋ ደለሉ የውሃ መርጫዎቹን ቀዳዳ ይደፍናል። ሣሩ እዚህም እዚያም ሲገረጣ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት መርጫውን ፈትተው ይዩት። ገንዳው ብርሃን ካስገባ አልጌ ይበቅልበታል። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው አይጥበብ፤ አፉም ትንኝ በማያሳልፍ ወንፊት ይሸፈን።

ዝናብ ሲጠፋ ከከተማ መስመር የሚሞሉ ከሆነ ሁለቱን ቧንቧዎች በቫልቭ ብቻ ለያይተው አያገናኙ። የንጹሑ ውሃ ቧንቧ ከገንዳው ከፍተኛ የውሃ ልክ በላይ ቆሞ በአየር ላይ ያፍስስ። ቫልቭ ሲያረጅ ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ የጣሪያው ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምንጫወተው ማታ ነው። ሶላር ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ባውዛዎቹ 250 ኪሎዋት የሚስቡና 3 ሰዓት የሚበሩ ከሆነ በአንድ ምሽት 750 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ ፓነሎቹ በዚያ ሰዓት ምንም አያመነጩም። ስለዚህ አስቀድሞ የቀኑን ኃይል የሚወስድ መስመር ወይም የሚያቆይ ባትሪ ይፈለግ። በታይዋን ካኦሲዮንግ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ስታዲየም 8,844 ፓነሎች አሉት፤ ጨዋታ በሌለበት ቀን ኃይሉ ለአካባቢው ይሰጣል። የአምስተርዳሙ ዮሃን ክራይፍ አሬና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የ3 ሜጋዋት ባትሪ አስገብቷል፤ በከፊልም በኤሌክትሪክ መኪና ካገለገሉ ባትሪዎች የተሠራ ነው።

በእኛ እምነት ግን ከፓነሉ አምፖሉ ይቀድማል። ሜታል ሃላይድ የተባለው የቆየ የባውዛ አምፖል አንዴ ከጠፋ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪበራ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ገና በጊዜ ይበራል፣ በእረፍትም አይጠፋም። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል፣ ለልምምድም ማደብዘዝ ይቻላል። ፓነል ሲሰቀል መሐንዲሱ ክብደቱን ብቻ አያስላ፤ ፊቱ ክፍት በሆነ ጣሪያ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው ነፋስ ከሥር ገብቶ የሚያነሣበት ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን አፍርሰን ለአካባቢ የሚስማማ አዲስ ብንሠራስ?

መልስ፦ መሠረቱና ዓምዶቹ ጤነኛ ከሆኑ አያፍርሱ። የአሮጌው ሲሚንቶና ብረት ሲመረት ካርቦኑ ወጥቷል፤ አዲሱ ሌላ ይጨምርበታል። በአሜሪካ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው የስፖርት አዳራሽ ሲታደስ 20,000 ቶን ያህል የሚመዝነው ጣሪያ በድጋፍ ተይዞ ከሥሩ ተቆፈረ፣ አዲሱ አዳራሽም እዚያው ተሠራ። አዲስ መሥራት ግድ ከሆነ ከሁሉ በፊት የብረቱን መጠን ይጠይቁ። የቤጂንጉ የ2008 ኦሎምፒክ ስታዲየም 42,000 ቶን ሲፈጅ የለንደኑ የ2012 በ10,000 ቶን አካባቢ አልቋል፤ ለጣሪያው ቀለበትም የተረፉ የጋዝ ቧንቧዎች ውለዋል።