የሶላር ፓነሉ ባለቤት ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። በ2025 በቤታችን ጣሪያ ላይ ሶላር ፓነል ስናስገጥም ሻጩ «ከወጪው 30 በመቶውን መንግሥት ይመልስላችኋል» ብሎን ነበር። ለኩባንያው በየወሩ እንከፍላለን፤ ክፍያው በየዓመቱ በ2.9 በመቶ ይጨምራል። ታክስ የሚሠሩልን ባለሙያ ግን ገንዘቡን መጠየቅ አትችሉም አሉን። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሻጩ የነገረዎትን በሚገባ ጽፈውልኛል፤ የፈረሙት ውል ስለሚለው ግን ምንም አልነገሩኝም። በየዓመቱ በመቶኛ የሚያድግ ክፍያ በአብዛኛው የኪራይ ውል፣ አለበለዚያም ከራስዎ ጣሪያ የሚመነጨውን ኃይል ከኩባንያው የሚገዙበት ውል ምልክት ነው። እንዲህ ከሆነ የፓነሉ ባለቤት ኩባንያው ነው። ሻጩ የጠቀሰው 30 በመቶ፣ ማለትም በፌዴራል ታክስ ሕግ አንቀጽ 25ዲ የተፈቀደው የመኖሪያ ቤት ክሬዲት (ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ደግሞ ፓነሉን በባለቤትነት ላስገጠመ ነዋሪ የተሰጠ በመሆኑ ባለሙያዎ ትክክል ናቸው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸው ነው። ሻጩ ታብሌቱን ይዞ ሳሎን ይገባል፤ ስለ መብራት ክፍያ መቀነስና ስለ 30 በመቶው ያወራል፤ ከዚያም ገጾቹን ራሱ እያሳለፈ የሚፈረምበትን ቦታ ብቻ ያሳያል። እነዚያ ሳይነበቡ ባለፉት ገጾች ውስጥ ግን መሣሪያው የኩባንያው ንብረት እንደሆነ፣ ማናቸውም የታክስ ጥቅም ለኩባንያው እንደሚሆን፣ ቤቱ ከተሸጠም የቤቱ ገዢ ውሉን መረከብ ወይም የቤቱ ሻጭ ቀሪውን ግዴታ መዝጋት እንዳለበት የሚደነግጉ አንቀጾች ይገኛሉ። ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የሚያስር ሰነድ ሳይነበብ መፈረም አልነበረበትም፤ በአማርኛ የተነገረዎትና በእንግሊዝኛ የፈረሙት ከተለያዩ ደግሞ ሊያስተረጉሙት ይገባ ነበር። ቅር እንዳይሰኙብኝ፤ አሁንም ሙሉውን ቅጂ ከኩባንያው በጽሑፍ ይጠይቁና ለጠበቃ ያስነብቡ።

ውሉ የብድር ግዢ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል፤ ባለቤቱ እርስዎ ስለሆኑ በብድር የተሸፈነው ዋጋም ይታሰባል፣ ወለዱ ግን አይታሰብም። ክሬዲቱ የሚቀንሰው የዓመቱን ታክስ እንጂ በጥሬ ገንዘብ የሚመለስ አይደለም፤ የተረፈው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመው ሕግ ይህን ክሬዲት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ አስቀርቶታል። ወጪው እንደወጣ የሚቆጠረው ገጠማው ሲጠናቀቅ ነውና ገንዘቡ በ2025 ተከፍሎ ሥራው በ2026 ካለቀ ክሬዲቱ የለም። ስለዚህ ሥራው ያለቀበትን ቀን የሚያሳየውን ማስረጃ፣ የካውንቲውን የፍተሻ ማረጋገጫ ጭምር፣ ያሰባስቡ። ብዙ የሶላር ብድሮች ክሬዲቱ በ18 ወር ገደማ ውስጥ ለብድሩ ካልገባ ወርኃዊ ክፍያውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህንንም በውሉ ውስጥ ይፈልጉ።

ፓነሉ የኪራይ ሆኖ ሳለ የክሬዲቱን ቅጽ «ዝም ብለን እንሙላው» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ እምቢ ይበሉ፤ በታክስ ማስታወቂያው ላይ የሚፈርሙት በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር ነው። ኪራይ መሆኑ ከተረጋገጠ ሻጩ የላከልዎትን መልእክት፣ ማስታወቂያና የዋጋ ማቅረቢያ ሳያጠፉ ያስቀምጡ። በሜሪላንድ ቤት ለቤት በሚደረግ ሽያጭ ገዢው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ (65 ዓመት ከሞላው በ7) የመሰረዝ መብት እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ ተሰጥቶዎት እንደነበርም ያረጋግጡ፤ ካልተሰጠዎት ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ይሁን። በግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ ውሎች ክርክሩን ወደ ግልግል ዳኝነት ስለሚመሩ፣ ወርኃዊውን ክፍያ ከማቋረጥዎ ወይም ለኩባንያው ማናቸውንም ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ።