ገንዘቡና ስልኩ ይለያዩ

ውጭ ላላችሁ እህት ወንድሞቼ፣

ብዙ ዓመት በሰው አገር ሠርቼ ተመልሼ፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ላኪም ሆኜ አይቻለሁ፤ የሚላክላቸው ሰዎች ጎረቤትም ሆኛለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ይዤ አንድ ነገር አጥብቄ ልምከራችሁ፦ የምትልኩት ገንዘብ ለስልክ ጥሪ መልስ አይሁን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በአይጥና በእርግብ ላይ በሠራቸው ሙከራዎች ያገኘው ነገር ለቤተሰብ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። ምግብ ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሚመጣም ሳይታወቅ ሲሰጥ፣ እንስሳው ሙከራውን አጥብቆ ይይዛል። ምግቡ ጨርሶ ሲቋረጥ እንኳ ቶሎ አይተውም። ሰውም በዚህ መንገድ ይማራል። ወንድማችሁ ሦስት ጊዜ ጠይቆ «የለኝም» ካላችሁት በኋላ በአራተኛው አንጀታችሁ አልችል ብሎ ብትልኩለት፣ አራት ጊዜ መጠየቅ እንደሚያዋጣ ተምሯል። እሱ አስቦበት አይደለም፤ እናንተም እንደዚያው። ግን በዓመታት ውስጥ ስልኩ ሲጠራ እናንተን የሚያስደነግጥ፣ እሱን ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ይሆናል።

ስለዚህ አቅማችሁ የሚፈቅደውን ቁረጡ። ትንሽ ቢሆንም ወር በገባ ቁጥር በተወሰነ ቀን፣ ማንም ሳይደውል ይድረስ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው እንደሚብስ ጠብቁ፤ የለመደው ነገር የቀረበት ሰው ለጊዜው ይበረታል፣ ኋላ ይበርዳል። እዚያ መሀል ተሸንፎ መላክ ከበፊቱ የባሰ ነው። ሕመምና ድንገተኛ አደጋ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ለነሱ ለብቻ አስቀምጡ፣ ማን እንደሚደውልላችሁም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በሌላ ቀን ስትደውሉ ስለ እናታችሁ ጉልበት፣ ስለ ጎረቤቱ ሠርግ፣ ቡናውን ከማን ጋር እንደጠጡ ጠይቁ። ገንዘብ ከወሬው ሲወጣ ሰዉ እንዴት እንደሚመለስ ታያላችሁ።

ለተማሪ የሚላከው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አንደኛ ከወጣህ ላፕቶፕ እልክልሃለሁ» የማይል ዘመድ የለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ሽልማት ተነግሯቸው የሳሉት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው መሳሉን ቀነሱ፤ ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙትና ምንም ያልተሰጣቸው ግን አልቀነሱም። ልጁ ከነጭራሹ የማይወደውን ትምህርት ለማስጀመር ሽልማት ሊረዳ ይችላል። ሂሳብ ወድዶ የሚያነበውን ልጅ ግን በዋጋ አትደራደሩት። ላፕቶፑ የሚያስፈልገው ከሆነ ላኩለት፣ ለውጤት ግን አታስይዙት።

ተመርቆ ቤት የተቀመጠውን ወጣት በተመለከተ፣ እባካችሁ «ሰነፍ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። የሌላውን ሰው ሁኔታ ረስቶ ሁሉን ነገር በጠባዩ ማመካኘት የሁላችንም ድካም ነው፤ ሊ ሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል። ከዳላስ ሆናችሁ የሚታያችሁ ተኝቶ መዋሉ ነው። ጎህ ሳይቀድ የሚያዘው የታክሲ ሰልፍ፣ መሀል ከተማ ማመልከቻ ለማስገባት የሚወጣው የትራንስፖርት ብር፣ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ አይታያችሁም። እዚህ ያሉትም ስልክ ባላነሳችሁ ጊዜ «ኮራ» ይላሉ፤ ሁለት ሥራ ላይ እንደዋላችሁ አያዩም።

ማየርና ሴሊግማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ሊያመልጡት በማይችሉት ሥቃይ ውስጥ የቆዩ ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲያገኙም እንደማይሞክሩ አሳይተው ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ራሳቸው አስተያየታቸውን አረሙ፦ መከራ ሲረዝም ዝም ብሎ መቀመጥ በተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ የሚማሩት «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» ማለትን ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። ለወጣቱ አንድ ጊዜ የሚበቃ ገንዘብ ስትሰጡ ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት። ዶሮ ያርባ፣ መንጃ ፈቃድ ያውጣ፣ ኮርስ ይመዝገብ፣ ራሱ ይምረጥ። በየሳምንቱ «ምን ላይ ደረስክ» እያላችሁ አትመርምሩት።

የመጨረሻው ስለ መርዶ ነው። ላዛረስና ፎልክማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1984 እ.ኤ.አ. ሰው ጭንቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ በሁለት ይከፍሉታል፦ ችግሩን ራሱን መለወጥና ስሜቱን ማስታገስ። ውጭ ያለው ወገኔ የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል፤ አባቱ ሲሞት ሮጦ ሐዋላ ቤት ይገባል፣ ማታ ሥራው ላይ ይገኛል። ሞት ግን አይለወጥም። ፈቃድ ጠይቁ፣ ያገር ሰው ጥሩ፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ቀብሩን እድሩ ያስፈጽማል፤ ገንዘቡ ለአርባው ይደርሳል።