የዱቤ ሳንቲምና የነጋዴ ሳንቲም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ገንዘቦች በዚህ ዓምድ መጻፍ ከጀመርን ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ስለሚመስሉ፣ ነገር ግን መንግሥት ስላላወጣቸው የመደብር ብረቶች ነው። ስለዚህ መልሳቸውን በአንድነት አቅርበነዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በሥራዬ ስንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አዛውንት ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ልጃቸው የእናቱን የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ለመታሰቢያ ሰጠኝ። ከአዝራሮቹ መካከል ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የምትበልጥ ሞላላ ብረት አገኘሁ። ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት፤ በአንድ ፊቷ «ኤስ» እና «ሲ» የተባሉት የላቲን ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል፤ ከሥራቸው ቁጥር አለ። ዋጋም ሆነ ዓመተ ምሕረት ግን የላትም። ገንዘብ ናት? ቁጥሩስ ምንድን ነው? በሎሚና በአመድ አሽቼ ባጸዳትስ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣና፣ እባክዎ አያሿት፤ ሎሚውን ለሰላጣ ያቆዩት። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

ያገኟት ብረት ገንዘብ አይደለችም፤ ገንዘብ ሆናም አታውቅም። በአሜሪካ ከተሞች የነበሩ ታላላቅ መደብሮች፣ ማለትም ዲፓርትመንት ስቶሮች፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በዱቤ ለሚገዙ ደንበኞቻቸው ይሰጡት የነበረ መታወቂያ ናት። ሰብሳቢዎች «ቻርጅ ኮይን» ይሏታል፤ በእኛ ቋንቋ «የዱቤ ሳንቲም» ብንላት የሚያስቀይም አይመስለኝም። በፊላዴልፊያ ነዋሪ ሣጥን ውስጥ መገኘቷና የሁለቱ ፊደላት ጥምረት የስትሮብሪጅ ኤንድ ክሎዚየር መደብር ሳትሆን እንደማትቀር ያመለክታሉ። ጀስተስ ስትሮብሪጅ በማርኬት ጎዳና ሱቁን የከፈተው በ1861 ሲሆን፣ አይዛክ ክሎዚየር በ1868 ሸሪክ ሆኖት መደብሩ እስከ 2006 ድረስ በከተማዋ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሁለት ፊደላት ብቻ መፍረድ ስሕተት ላይ ይጥላልና፣ የመደብሩ ሙሉ ስም ካለበት ሌላ ሳንቲም ወይም ከመደብሩ የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያ ጋር ሳያስተያዩ እርግጠኛ አይሁኑ።

አሠራሩን ለመረዳት የሰፈራችንን ባለሱቅ ማስታወስ ይበቃል። ባለሱቁ ዱቤ የሚሰጠው ፊታችንን ስለሚያውቅ ነው፤ ልጅ ተልኮ ቢመጣ እንኳ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደብተሩን ገልጦ መጻፍ ብቻ ነው። ጆን ዋናሜከር በ1876 በዚያው በፊላዴልፊያ አሮጌ የባቡር ዕቃ ማራገፊያ ገዝቶ «ግራንድ ዲፖ» ያለውን መደብር እንደ ከፈተው ዓይነት ሰፊ ቤት ሲመጣ ግን፣ ጓንት የምትሸጠው ሠራተኛ ደንበኛዋን በመልክ ልታውቃት አትችልም። የዱቤ ሳንቲሟ የፊት ምትክ ሆና የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛዋ ሳንቲሟን ከቁልፍ ማንጠልጠያዋ ላይ አሳየች፤ ሻጯ ቁጥሩን በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ገለበጠች፤ ዕቃው ተጠቅልሎ ተሰጠ ወይም ወደ ቤት ተላከ፤ ሒሳቡም በወሩ መጨረሻ ተላከ። እንግዲህ ያ ቁጥር ዋጋ ሳይሆን የአዛውንቷ ወይም የእናታቸው ስም የተጻፈበትን የሒሳብ መዝገብ የሚያመለክት ነው።

ስማቸው ለምን አልተጻፈባትም ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የዚህ አሠራር ድካምም ይኸው ነበር። ሳንቲሟን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ደፋር ከሆነ በሌላ ሰው ሒሳብ ባርኔጣ ሊገዛ ይችል ነበር። ሠራተኛ ተልካ የእመቤቷን ሳንቲም ይዛ ብትመጣም የሚጠይቃት አልነበረም፤ አንዳንዴ ይህ ለደንበኛው ምቾት፣ አንዳንዴ ደግሞ የጠብ ምክንያት ይሆን ነበር። በ1928 የወጣውና «ቻርጋ ፕሌት» የተባለው አራት ማዕዘን የብረት ሰሌዳ ይህን ጉድለት ሞላ፤ ስምና አድራሻ ጎላ ብለው ስለ ተቀረጹበት በመሣሪያ ተጭኖ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ይታተም ነበር፤ ጀርባው ላይም የባለቤቱ ፊርማ የሚሰፍርበት ወረቀት ነበረው። በ1930ዎቹ መደብሮቹ ወደ እርሱ ሲዞሩ ትናንሾቹ የዱቤ ሳንቲሞች ወደ አዝራር ሣጥን ገቡ። በዛሬው የባንክ ካርዳችን ላይ ስማችን የሚጻፈውም ከዚያው ልማድ የወረደ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሎሚው ልመለስ። ማጉያ መነጽር ካለዎት ቀዳዳዋ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ይመልከቱ። ወደ አንድ ወገን ተበልቶ እንደሆነ፣ ለብዙ ዓመታት በቀለበት ላይ ተንጠልጥላ ከቁልፎች ጋር ስትፋተግ እንደ ኖረች ይነግርዎታል። ቀጥሎ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ እንዲህ ባሉ ብረቶች ላይ አኃዞቹ ብዙ ጊዜ አንድ በአንድ በእጅ ስለሚመቱ አንዱ ከመስመር ወጣ፣ ሌላው ጠለቅ ብሎ ይታያል። የብረቷ ታሪክ ያለው በእነዚህ ምልክቶችና በላይዋ በተጋገረው ጥቁረት ውስጥ ነው፤ አመድና ሎሚ መጀመሪያ የሚበሉትም እርሱን ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንዲት የነሐስ የመደብር ሳንቲም እንዲህ አሽቼ እንደ አዲስ የቧንቧ ማያያዣ ካብለጨለጭኋት በኋላ፣ የሸጠልኝ ሰው ራሱ በግማሽ ዋጋ እንኳ መልሶ ሊወስዳት አልፈቀደም። ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ማንም እንዲያያት አልፈልግም።

የተለመዱ የዱቤ ሳንቲሞች ከጥቂት ዶላር እስከ ጥቂት ዐሥር ዶላሮች ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ለሀብት ብለው አይሽጧት። ታሪኳን መከታተል ከፈለጉ ግን የስትሮብሪጅ ኤንድ ክሎዚየር መደብር ሰነዶች ከከተማዎ ብዙም በማይርቀው፣ በዴላዌር ግዛት ዊልሚንግተን አጠገብ በሚገኘው በሃግሊ ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የጆን ዋናሜከርን ደግሞ በፊላዴልፊያ በሚገኘው በፔንስልቬንያ ታሪክ ማኅበር ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የአሜሪካን አንድ ሳንቲም የሚመስል ቀጭን መዳብ ገዛሁ። በፊቱ የላባ አክሊል የደፋ ራስና 1863 የሚል ዓመት አለ፤ በጀርባው የአበባ ጉንጉን መካከል «አንድ ሳንቲም» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ከላዩ ግን በጣም ደቂቅ በሆኑ ፊደላት «አይደለም» የሚል ቃል አለ። ሐሰተኛ ገንዘብ ሸጡልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ እንዲያውም ያችን ደቂቅ ቃል በማየትዎ ሊመሰገኑ ይገባል። አስቀራጩ ነጋዴ ሕግ ፊት ቢቀርብ «አንድ ሳንቲም አይደለም ብዬ ጽፌበታለሁ» ለማለት ያኖራት ማምለጫ ናት። ገዢው ግን በችኮላ «አንድ ሳንቲም» ብሎ እንዲያነበው ታስቦ የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 እንደ ተነሣ ሕዝቡ ወርቁንና ብሩን ይቀብር ጀመር፤ ባንኮችም በዚያው ዓመት መጨረሻ በወርቅና በብር መክፈል አቆሙ፤ በ1862 የመዳብና የኒኬል አንድ ሳንቲም እንኳ ከገበያ ጠፋ። ዳቦ ገዝቶ መልስ መቀበል የማይቻልበት ቀን ሲመጣ መንግሥት በሐምሌ 1862 የፖስታ ቴምብር ለመገበያያ እንዲያገለግል ፈቀደ። የቴምብር ጀርባ ሙጫ ነውና በላብ እጅ ሲዞር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ጆን ጎልት የተባለ ሰው በነሐሴ 12 ቀን 1862 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ ይህን የሚያስቀር ነበር፤ ቴምብሩን ከፊት በሚያሳይ ሚካ በተባለ ብርሃን አሳላፊ ቀጭን ማዕድን ሸፍኖ በክብ የናስ ዕቃፍ ውስጥ አስገባው፤ ጀርባውንም ለማስታወቂያ ሸጠው። ማስታወቂያውን ከገዙት መካከል በ1826 የተመሠረተው የኒው ዮርኩ ሎርድ ኤንድ ቴይለርና የሲንሲናቲው ጆን ሺሊቶ ይገኙበታል። ሁለቱም ያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን ስመ ጥር ዲፓርትመንት ስቶሮች ሆነዋል። ከጥንት መደብሮች የወጣ እውነተኛ መገበያያ ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ የሚበልጥ የለም ባይ ነኝ፤ ዋጋቸው ግን በመቶዎች ዶላር የሚጀምርና በሺዎች የሚቈጠር ስለ ሆነ እኔ በቤተ መዘክር መስተዋት በኩል ማየቱ ይበቃኛል።

የእርስዎ መዳብ የዚያው ችግር ሌላ ልጅ ነው። ነጋዴዎች በግል ቀራጮች ዘንድ ብዙ ሺሕ ሳንቲሞች እያስመቱ በመልስ ፈንታ ይሰጡ ነበር። በጀርባቸው የሱቅ ስምና ከተማ ያለባቸው «ስቶር ካርድ» ይባላሉ፤ እንደ እርስዎ የሱቅ ስም የሌላቸው ደግሞ ባንዲራና መፈክር ከያዙት ጋር «የአርበኝነት» በሚባለው ወገን ይመደባሉ። ነጋዴው ሳንቲሙን መልሶ ካልተቀበለ ጉዳቱ በያዘው ላይ ነው። ጉስታቨስ ሊንደንሙለር የተባለው የኒው ዮርክ መጠጥ ቤት ባለቤት በስሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዳሰራጨ ይነገራል፤ የሦስተኛው ጎዳና የባቡር ኩባንያ ከተሳፋሪዎች የሰበሰባቸውን ቀይርልኝ ብሎ ቢጠይቀው አሻፈረኝ አለ፤ ኩባንያውም የሚከስበት ሕግ አላገኘም። በሚያዝያና በሰኔ 1864 የወጡት ሕጎች የግለሰብን ሳንቲም የከለከሉት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ራሱ አንድ ሳንቲሙን ከወፍራሙ ኒኬል አዘል መዳብ ወደ ቀጭን ነሐስ ለወጠ፤ ነጋዴዎቹ ሕዝቡ ቀጭኑን መዳብ ያለ ቅሬታ እንደሚቀበል አሳይተውት ነበርና።

እውነተኛነቱን ለማረጋገጥ ስፋቱን ይለኩ፤ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል። የኋላ ዘመን ቅጂ ከሆነ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ወይም ፊቱ ላይ የአረፋ ነቁጥ ይታይበታል፤ ይህ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ለመፍሰሱ ምልክት ነው፤ የዘመኑ ሳንቲሞች ግን በማኅተም የተመቱ ናቸው። ከ1973 ወዲህ በአሜሪካ የሚሠሩ ቅጂዎች «ኮፒ» የሚል ቃል እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ሁሉም ሕግ ያከብራል ማለት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። አጎቴ ከውጭ አገር ያመጣቸውን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ የመደብር ሳንቲሞች አወረሰኝ። ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረት የላቸውም። ዕድሜያቸውን እንዴት አውቃለሁ? በምን ላስቀምጣቸው?

መልስ፦ ዓመተ ምሕረት አለመኖሩ ብዙ አያሳስብዎ፤ መኖሩም ሁልጊዜ አያስተማምንም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 ይላል። የመደብር ሳንቲምን ዕድሜ የሚነግርዎት መደብሩ ነው፤ በምን ስም፣ በየትኛው አድራሻ፣ ከማን ጋር በሸሪክነት ይነግድ እንደ ነበር ይፈልጉ። «እገሌና ልጆቹ» የሚል ሳንቲም ልጆቹ ወደ ንግዱ ሳይገቡ ሊመታ አይችልም። የተሠራበት ነገርም ይረዳል፤ አሉሚኒየም በርካሽ መመረት የጀመረው በ1880ዎቹ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ የነጋዴ ሳንቲም ከዚያ በፊት ነው ቢሉዎት አይመኑ። በነገራችን ላይ፣ በየሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት ጆተኒ ስሙ ጣልያኖች እንዲህ ያለውን የገንዘብ ምትክ ብረት ከሚጠሩበት «ጄቶኒ» ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል።

ስለ አቀማመጡ፦ ለስላሳውና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ከፒቪሲ የተሠራ ስለ ሆነ ከዓመታት በኋላ በመዳብ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል፤ ስለዚህ ከማይላር የተሠራውን ደረቅ ማኅደር ወይም አሲድ የሌለበትን የወረቀት ኤንቨሎፕ ይጠቀሙ። ሳንቲሙን በጠርዙ ይያዙ። ከሠላሳዎቹ መካከል የዝሆን ጥርስ የሚመስሉ ቀለል ያሉ ካሉ ሴሉሎይድ፣ ማለትም የጥንት ዓይነት ፕላስቲክ፣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ የዱቤ ሳንቲሞች ከዚህ ተሠርተው ነበር። ለብረቱ ቅባት ማስለቀቂያ የሚያገለግለው አሴቶን፣ ማለትም በብዙ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ሴሉሎይድን ያቀልጠዋልና አጠገቡ አያድርሱት። ሴሉሎይድ በእሳትም ፈጥኖ የሚቀጣጠል ነው፤ እያረጀ ሲሄድም የሚያወጣው ትነት ጎረቤቱን ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ከብረቶቹ ለይተው፣ አየር በሚያስገባ የወረቀት ኤንቨሎፕ፣ ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።