ከንፈሩ የማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። አንዱ የመምህር፣ ሁለቱ የተማሪ ናቸው። ሦስቱም የሚያወሩት ስለሚያወራ ገጸ ባሕሪ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሚዲያ ተማሪዎችን አኒሜሽን አስተምራለሁ። ዘንድሮ «15 ሰከንድ የሚናገር ገጸ ባሕሪ ሥሩ» ብዬ አሳይመንት ሰጠኋቸው። ግማሾቹ ድምፁን ከፊልም ቆርጠው ነው ያመጡት። የአፉን ቅርጽ ደግሞ ሁሉም ከኢንተርኔት ካወረዱት አንድ ሰንጠረዥ (ለየድምፁ አፍ ምን እንደሚመስል ከሚያሳይ) ገልብጠውታል። የሁለቱ እንዲያውም እንቅስቃሴው ራሱ ቁርጥ አንድ ነው። ስጠይቃቸው «ሁሉም ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው» ይሉኛል። ስለ ኩረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምሬያቸው ነበር፤ ምንም አልፈየደም። ዜሮ ልስጥ?
የደከመኝ መምህር

መልስ፦ ዜሮውን ለጊዜው ያቆዩት። እንቅስቃሴያቸው አንድ የሆነውን ሁለቱን ለየብቻ ጠርተው ያናግሯቸው፤ የእነሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀሩት ላይ ግን፣ አይቀየሙኝና፣ የጥፋቱ ግማሽ የአሳይመንቱ ነው። የሚናገር ገጸ ባሕሪ ሲባል ንግግሩ ከየት ይምጣ? አልተነገራቸውም። ተማሪ ያልተነገረውን ነገር በሚቀለው መንገድ ነው የሚሞላው። እኛም እንደዚያው ነበርን።

ለብቻው የሰጡት የኩረጃ ትምህርት አለመሥራቱም አይገርመኝም። ተማሪው ሰምቶ፣ ጽፎ፣ ፈተና ላይ መልሶ ይረሳዋል። ለእሱ ኩረጃ ማለት ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ወረቀት ማየት ነው፤ የአፍ ሰንጠረዥ አውርዶ እንዳለ መለጠፍ እዚያ ውስጥ ይገባል ብሎ አያስብም። ስለዚህ ትምህርቱን ሥራው ውስጥ ይክተቱት።

መጀመሪያ ድምፁን ራሳቸው ይቅረጹ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ጓደኛቸው ይናገረው፣ በስልክ ይቀዳ፣ በቃ። ጥራቱ አያስጨንቅዎት። ርዝመቱንም ይቀንሱት። 15 ሰከንድ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ሲሰላ 360 ፍሬም ነው፤ ለጀማሪ 5 ሰከንድ፣ ማለትም 120 ፍሬም፣ ከበቂ በላይ ነው። እጅ ወደ ኮፒ ፔስት የሚሄደው ሥራው በዝቶ ቀኑ ሲያልቅ ነው።

ከዚያ መስታወት። እያንዳንዱ ተማሪ መስታወት ይዞ የራሱን ዓረፍተ ነገር አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ እንደ ወሬ ፈጠን አድርጎ ይበል። አፉን ያይ፣ ያየውን ይሣል። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ያ የወረደው ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። ምላስ በጥርስና በጥርስ መሀል ብቅ ያለበት አንድ ቅርጽ አለው። አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ስለዚህ አማርኛ የሚያወራ ገጸ ባሕሪ ምላሱን በጥርሶቹ መሀል ሲያወጣ ካዩ (ኮልታፋ ተደርጎ ካልተጻፈ በቀር) ቅርጹ ከየት እንደመጣ ገባዎት ማለት ነው።

ለእኛ ደግሞ ፊደሉ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፦ ሉ፣ ሎ። ራብዕ አፍን ይከፍታል፦ ላ። ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይስባሉ፦ ሊ፣ ሌ። ሳድስ አፍን እምብዛም አያንቀሳቅስም፣ አንዳንዴም ጭራሽ ተውጦ ይቀራል። ልጅ ሆነን «ሀ ሁ ሂ» እያልን ስንጮህ ለካ አኒሜሽን እየተማርን ነበር!

ተነባቢው ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከንፈር የሚዘጋው «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ላይ ነው ይባላል፣ ፈ ላይ ደግሞ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይነካል። እውነት ነው። ቢሆንም «አበባ» የሚለውን ቃል ፈጠን አድርገው መስታወት ፊት ይበሉት። ከንፈርዎ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ጠጋ ብሎ ይመለሳል። «ሰበረ» ሲሉ ግን በ ትጠብቃለች፣ ከንፈርዎ ግጥም ይላል፣ ትንሽም ይቆያል። «ይሰብራል» ላይ ደግሞ እንደገና ትላላለች። መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን አይታይም፣ የወረደው ሰንጠረዥ ላይም የለም፣ ከንፈር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን በራሱ ፊት ላይ ያየ ተማሪ የሰው ሰንጠረዥ መገልበጥ ለምን እንደማያዋጣ እርስዎ ሳይነግሩት ይነግርዎታል።

ከፊልም መማርስ? ይማሩ እንጂ። የወደዱትን ትዕይንት ፍሬም በፍሬም እያቆሙ ማየት ጥናት ነው። በላዩ ላይ ሥሎ «የኔ ነው» ማለት ግን ሌላ ነው። በቪዲዮ ላይ መሣል ካማራቸው የራሳቸውን ፊት ቀርጸው በእሱ ላይ ይሣሉ። ሮቶስኮፕ ይባላል፤ ማክስ ፍላይሸር ገና እ.ኤ.አ. በ1915 ፓተንት ያመለከተበት ዘዴ ነው፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ማርክ ሲሰጡ ደግሞ የመጨረሻውን ቪዲዮ ብቻ አይዩ። የተቀዳው ድምፅ፣ የመስታወት ሥዕሎቹ፣ የቱ ድምፅ የትኛው ፍሬም ላይ እንደሚውል የተጻፈበት ወረቀት፣ መጀመሪያ የተበላሸው ሙከራ፣ ሁሉም አብሮ ይምጣ። የተበላሸ ሙከራ የሌለው ሥራ እኔን ያጠራጥረኛል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቁመው «እዚህ ጋ አፉን ለምን ዘጋኸው?» ብለው ይጠይቁ። የሠራው ልጅ ይመልሳል፤ እንዲያውም ማስቆም ነው የሚያስቸግርዎት። ጽሑፍ የሚያመሳክረው ሶፍትዌር ግን እዚህ አያድንዎትም። ስክሪፕት እንጂ እንቅስቃሴ አያነብም። የሚያወጣው ፐርሰንትም መመሳሰልን ነው የሚያሳየው፣ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አኒሜሽኔን የሠራሁት በነፃ ባወረድኩት ሪግ (ለማንቀሳቀስ ተዘጋጅቶ በተሠራ ገጸ ባሕሪ) ነው። አፉን ያንቀሳቀሰልኝ ሩባርብ ሊፕ ሲንክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሙዚቃው ደግሞ የክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የፈቀደው፣ ነው። መጨረሻ ላይ የሁሉንም ክሬዲት ጽፌያለሁ። ጓደኛዬ ግን «ይሄ እኮ ኩረጃ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው?
ግራ የገባው

መልስ፦ አይደለም። ግን ችግር ሊኖርብህ የሚችል ቦታ አለ፣ እሷም ያላሰበችው ቦታ ነው።

ሪጉ መሣሪያ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደና አንተም የማን እንደሆነ ከተናገርክ ኩረጃ የለም። «ገጸ ባሕሪውን ራሳችሁ ንደፉ» ተብላችሁ ከነበረ ግን ክሬዲቱ አያድንህም፤ ያልሠራኸውን ሥራ ነው ያስረከብከው። ፕሮግራሙም እንደዚያው ነው። መምህርህ ማየት የፈለገው አፍ ማንቀሳቀስ መቻልህን ከሆነ ማሽኑ የሠራውን ማስረከብ አያስኬድም፣ ስለዚህ ቀድመህ ጠይቅ። ከተፈቀደልህም ፕሮግራሙ ንግግር የሚለይበት ዋናው ክፍል የእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሳ። ለሌላ ቋንቋ ፎኔቲክ የሚለውን (ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ብቻ የሚለየውን) ምርጫ ትወስዳለህ፣ ከዚያ በእጅህ ታስተካክላለህ።

ሙዚቃው ነው የሚያሰጋኝ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ አንድ ፈቃድ አይደለም፣ ስድስት ዓይነት ነው። የአንተው ላይ «ኤንዲ» የሚል ካለበት ሥራውን ለውጠህ ማሰራጨት አልተፈቀደልህም። እና ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር አዋህዶ ማስኬድ በፈቃዱ አገላለጽ ራሱ እንደ መለወጥ ይቆጠራል፣ አንዲት ኖታ ባትነካም! ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ተመለስና ፈቃዱን አንብብ። ክሬዲት ስለጻፍክ ፈቃድ አገኘህ ማለት አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣው ስቲምቦት ዊሊ አሜሪካ ውስጥ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። እዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ቆርጠህ ልትጠቀምበት ትችላለህ። «እኔ ሣልኩት» ካልክ ግን ያው ኩረጃ ነው፣ የሚከስህ ባይኖርም። ሕጉና ኩረጃው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለጓደኛህም ንገራት።

ጥያቄ፦ እባካችሁ እርዱኝ። ገጸ ባሕሪዬ መጀመሪያ ላይ ደህና ያወራል፣ ወደ አንድ ደቂቃ ሲጠጋ ግን አፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ልክ ነው በምለው ቦታም አፉ የዘገየ ይመስለኛል። ነገ ማስረከቢያ ነው።
እንቅልፍ ያጣችው

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። እየቆየ የሚሰፋው ልዩነት በአብዛኛው የፍሬም ሬት፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት፣ ነገር ነው። በ24 ሠርተሽ በ25 አውጥተሽው ይሆናል። የአንድ ደቂቃ 1440 ፍሬም በ25 ሲጫወት በ57.6 ሰከንድ ያልቃል፣ ድምፁ ግን 60 ሰከንዱን አይለቅም። መጀመሪያ ላይ የማይታወቀው ለዚህ ነው። የፕሮጀክቱንና የኤክስፖርቱን ቁጥር አስተያዪ። በስልክ የቀረጽሽውን ቪዲዮ እንደ ሪፈረንስ አስገብተሽ ከሆነ እሱንም እዪው፤ የስልክ ቪዲዮ ፍሬም ሬቱ ይዋዥቃል።

የዘገየ የሚመስልሽ ደግሞ ስለዘገየ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣው ልኬት አለ፦ ድምፅ ከምስል 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ተመልካች ማስተዋል ይጀምራል፣ ድምፁ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ይታገሣል። በአንቺ ፍሬም ሲቆጠር አንዱ 1 ፍሬም ገደማ፣ ሌላው 3 ፍሬም ነው። አፉ ቢቀድም ማንም አይከስሽም፣ ቢዘገይ ግን ወዲያው ነው የሚታወቅብሽ። ስለዚህ የአፉን ቁልፍ ፍሬሞች (ቅርጹ የሚለወጥባቸውን) በሙሉ ምረጪና ከድምፁ በ1 ወይም 2 ፍሬም አስቀድሚያቸው። ም ላይ ከንፈሩን ቢያንስ ለ2 ፍሬም ዝጊው፣ ለ1 ፍሬም የተዘጋ ከንፈር አይታይም። ጊዜ ካጠረሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እነዚህን መዝጊያዎች ብቻ አስተካክዪ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው እነሱን ነው።

ከዚያ ተኚ።