ጭብጨባው ከትምህርቱ ሲቀድም

ውድ ወጣቶች፣

ባህላዊ ውዝዋዜ ይዛችሁ ወደ ውጭ መድረክ ለመውጣት ለምትጓጉ ሁሉ፣ ይህን ሙያ ሳስተምር እንደኖረ ሰው፣ ስለ ህንዳዊው ዳንሰኛ ኡዳይ ሻንካር ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ሻንካር በ1900 (የዓመታቱ አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያን ነው) ኡዳይፑር ተወልዶ፣ ለንደን የሄደው ሥዕል ሊማር ነበር። እዚያ ሳለ ዝነኛዋ ሩሲያዊት የባሌት ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ አገኘችው፤ በ1923ም በለንደኑ የኮቨንት ጋርደን መድረክ እሱ የሂንዱውን አምላክ ክሪሽናን፣ እሷ የክሪሽናን ፍቅረኛ ራዳን ሆነው ተጫወቱ። ከቡድኗ ጋርም አሜሪካን ዞረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ወጣቱ ከየትኛውም የአገሩ ጥንታዊ ዳንስ መምህር ሥር ቁጭ ብሎ አልተማረም ነበር፤ የሚያሳየውን ከልጅነት ትዝታው፣ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ለቃቅሞ ነው ያቀናበረው። ተመልካቹ የሚያመሳክርበት ነገር ስላልነበረው በደስታ ተቀበለው።

እኔ የማከብረው በዚያ ጭብጨባ ረክቶ አለመቅረቱን ነው። በ1930 ከስዊዘርላንዳዊቷ ቀራጺ አሊስ ቦነር ጋር ህንድን ዞረ፤ በ1931 ወንድሞቹን ጭምር ያቀፈ ቡድን ይዞ ፓሪስ ሻንዜሊዜ ቴአትር ቀረበ፤ ትንሹ ወንድሙ ራቪ ያኔ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ኡዳይ ስሙ ከገነነ በኋላም ካታካሊ ለሚባለው የደቡብ ህንድ ጥንታዊ የዳንስ ድራማ መምህር ለሻንካራን ናምቡዲሪ ደቀ መዝሙር ሆነ። ካታካሊ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ተማሪው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ዓይኑ ውስጥ ንጥር ቅቤ ተደርጎለት፣ ብሌኑን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ዙሪያውን ሲያንቀሳቅስ ይቆያል። በባህሉ ትርኢቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሻንካር ለመድረኩ ያዘጋጃቸው ዳንሶች ግን አጫጭር ነበሩ። ማሳጠሩን አልነቅፍበትም፤ የማያውቁትን መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ይህን የተረዳ ይመስለኛል።

በሂማላያ ግርጌ አልሞራ ላይ በ1930ዎቹ መጨረሻ የባህል ማዕከል ሲከፍት፣ ናምቡዲሪን ለካታካሊ፣ ካንዳፓ ፒላይን ባራታናቲያም ለሚባለው፣ አሞቢ ሲንግን ደግሞ ማኒፑሪ ለሚባለው የህንድ ጥንታዊ ዳንስ፣ አላውዲን ካንን ለሙዚቃ መምህር አድርጎ አመጣቸው። ማዕከሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢዘጋም፣ ዝነኛው ሰው ባለሙያዎቹን ከፊት አስቀምጦ ነበር።

እናንተም ከውጭ ጥሪ ሲደርሳችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊትም ሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ግን የምታሳዩት ውዝዋዜ ወደተወለደበት ወረዳ ውረዱ፤ በሠርግና በበዓል ጨዋታውን የሚመሩትን አባቶችና እናቶች ፈልጉ፣ አይተው እንዲያርሟችሁ ለምኗቸው፣ ላስተማሯችሁበትም ክፈሏቸው።