መርዶን ለስልክ አትተዉት

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሞት ወሬ እንደሰማችሁ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፋችሁ «ነፍስ ይማር» አትበሉ። መጀመሪያ አጣሩ። እናት ተረድተዋል? ልጆቹስ? «አዎ» የሚል ሰው እስክታገኙ ድረስ አንድም ቃል አትጻፉ።

ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ሐዋሳ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መርዶ የምናረዳበት ወግ አለን። ሌሊት ወሬው ቢደርሰንም የሐዘንተኛውን በር አናንኳኳም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች፣ የቅርብ ጎረቤቶችና የነፍስ አባት ተጠራርተን እንሄዳለን። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ አስቀድመን እንጠይቃለን፤ የምትደግፋቸው ሴት ከእናትየው አጠገብ ትቀመጣለች። ከዚያ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ይናገራሉ። የእድሩ ጥሩንባ የሚነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስልኩ ግን ይቀድመናል። እዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው፤ ሰዉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ከቤት ሳይወጡ ፎቶው ከአቶቴ እስከ ታቦር ተዳርሷል።

አንዲት የእድራችን አባል ልጃቸው ባሕር ማዶ ሲያርፍ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የሩቅ ዘመድ ከውጭ የማጽናኛ መልእክት ላከላቸው፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የጻፈው። እኚህ እናት ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፤ ላቲን ግን አያነቡም። «እስኪ ምን ይላል?» ብለው ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። የልጃቸውን ሞት ጮክ ብሎ ያነበበላቸው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እኛ ስንደርስ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱን ማን ያጽናናው?

እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ ውስጥ የተላከው የመጀመሪያው የሞባይል የጽሑፍ መልእክት የገና መልካም ምኞት ነበር። አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ከተጻፈ 70 ብቻ። ብዙዎች አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቴሌግራም ላይ ይህ ገደብ አያስቸግራችሁምና ለወላጅ ስትጽፉ በፊደላችን ጻፉ። ሐዘን ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አትጻፉ፤ ከተረዱ በኋላ ደውሉና ድምፃችሁን ያሰሟቸው።

ስልክን ልወቅስ አይደለም። ወሬ በደብዳቤ በሚሄድበት ዘመን የአባቱን ሞት ከአርባው በኋላ የሰማ ወገን ብዙ ነው። ዛሬ መምጣት ያልቻለ ልጅ የእናቱን ቀብር በቪዲዮ ጥሪ ይከታተላል፤ እኔም ስልኩን ይዤ አሳይቻለሁ፣ እንባው ከኛ እንባ ጋር ነው የወረደው። ለቤተሰቡ ብቻ ከሆነ ደግ ነገር ነው። ለሕዝብ በቀጥታ ማስተላለፉን ግን አልደግፍም።

ወደ እናንተ የሚመጣው መርዶ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ የሰፈራችን ልጅ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ተብሎ ከስቶክሆልም ተነሣ። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ሲጠብቅ ስልኩን ቢከፍት የአክስቱ ልጅ «እግዜር ያጽናህ» ብላ ጽፋለታለች። አጠገቡ አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ከእናንተ መካከል ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ብቻውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አለ። እንዲህ ያለ ወሬ መሪ እንደያዛችሁ ሊደርስባችሁ አይገባም።

ስለዚህ በምትኖሩበት ከተማ በራችሁ ድረስ የሚመጡ ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ ጓደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው። ቁጥራቸውን ለእህት ወንድሞቻችሁ ሰጥታችሁ «ክፉ ነገር ከመጣ ለእነሱ ደውሉ» በሏቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀብሩን ስለሚያፋጥኑ ጊዜ የላቸውም፤ ለእነሱ የሚደወልለት ሰው አስቀድሞ መታወቁ የግድ ነው። እዚያ ሰው ሲያርፍባችሁም ከሁሉ በፊት ለእድሩ ሊቀመንበር ወይም ለታመነ ጎረቤት ደውሉ፤ «አርድተናል» የሚል መልስ እስኪመጣላችሁ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ዝም ይበል። ይህን ለግሩፑ አባላት ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ሐዘን ከገባ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም።

የእኛ እድር በአባላት መዝገብ ላይ ውጭ ላሉ ልጆች አንድ ዓምድ ጨምሯል፤ የልጁ ስም፣ ከተማውና ሁለቱ ተጠሪዎች ይጻፉበታል። የወላጆቻችሁን እድር ጸሐፊ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ዓምድ ከሌለው እንዲከፍት ለምኑት፤ ቁጥር ስትቀይሩም አሳውቁት።