ኦንላይን ትምህርትና የነርስነት ሙያ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ወሎ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ከትምህርታችን ግማሹ በኦንላይን ይሆናል ተብለናል። ያለኝ አሮጌ ስልክ ብቻ ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። እችለው ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ ስልክሽ ብዙም አያሳስበኝም። ሙድል የሚባለው የኦንላይን ትምህርት መተግበሪያ ትምህርቱን አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት እንድታነቢ ያስችላል። ሌሊት፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ ርካሽ ሲሆን አውርጂ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ ፈጣን የሆነ ሁሉ ኮምፒውተር ይችላል ማለት አይደለም። የመውጫ ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ከአሁኑ ላይብረሪ ገብተሽ እጅሽን አለማምጂ።

ስሌት ለኦንላይን ይመቻል። 500 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በደም ሥር በ4 ሰዓት ይግባ ተባለ እንበል። ግሉኮሱ የሚንጠባጠብበት ቱቦ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ይህን ብቻሽን፣ ደጋግመሽ መሥራት ትችያለሽ። አስተማሪ ፊት ከመሳሳት ይሻላል፤ ብዙ ተማሪ ክፍል ውስጥ መጠየቅ ያፍራል።

የሕፃን ደም ሥር ፈልጎ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ግን በቪዲዮ አይለመድም። እጅ ይፈልጋል፤ አጠገብሽ ቆሞ የሚያርምሽ ሰውም ይፈልጋል። ስለዚህ የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ወይም የዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ሰዓት ከተቀነሰባችሁ ዝም አትበሉ። ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ዲፓርትመንቱን በጽሑፍ ጠይቁ።